ሕፃናት ትምህርት ቤት ሳይገቡ በቤት ውስጥ ስለሚያገኙት ትምህርት

ልጅ መማር የሚጀምረው ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተይዞ ይገኛል። ስለዚህም ብዙ ወላጅ ለልጁ ልብስና ምግብ፥ በታመመም ጊዜ መድኃኒት ካቀረበለት በኋላ፥ ስለ አእምሮው ሊያስብ የሚገባውን ሁሉ መምህር እስኪያገኝለት ድረስ ያሳድረዋል። ልጁም እስከዚያ ድረስ በግቢ ውስጥ ሲሮጥ፥ ሲወድቅና ሲነሣ፥ ሲጠይቅም ዝም በል ሲባል ይከርማል። ይህ አሳብ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን ነገሩን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁሉ ሊረዳው ይችላል።

የሕፃን አንጐል ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከሙሉ ሰው አንጐል መጠን ከመቶ 90 ያህሉን እንደሚደርስ የሕክምና ሊቃውንት ይናገራሉ። ሆኖም ማስረጃ ለማግኘት እስከ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ የአራት ዓመት ልጅ ሲናገር ማድመጥ ይበቃል። ይህ ልጅ «በላሁ» እና «በልቼ ነበር»፥ «አልበላም» እና «ብበላ ኖሮ» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዱን በየቦታው ያገባል። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ሲያወርድና ርባ ቅምር ሲያጠና ስንት ሌሊት እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው፥ ያ ሕፃን መምህርም መጽሐፍም ሳይሰጠው የቋንቋውን እርባታ መጨረሱን ሲያስብ ሊደነቅ ይገባዋል። ደግሞም ያገኘው በመስማትና በመቅዳት ብቻ አይደለም። አንድ ሕፃን «ና» ማለት ሲገባው «ምጣ» ቢል፥ ቤተ ሰቡ ይሥቅበታል፤ ነገር ግን ይህን ቃል ከማንም አልሰማውም። ከ«ወጣ» «ውጣ» ከተባለ፥ ከ«መጣ»ም «ምጣ» መባል አለበት ብሎ ራሱ ሕግ አውጥቶ ራሱ ፈጠረው። ስሕተቱ የልማድ እንጂ የአእምሮ አይደለም። የፈጠራ ብልሃት የሚባለው ነገር ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሳይሆን በየጓዳው በየቀኑ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ የሚያከራክረው፥ ይህ ኀይል በቤት ውስጥ ሲረዱት የሚያድግ፥ ሲተዉት የሚደክም ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገር በጃማይካ ደሴት የተደረገው ምርመራ በብዙ አገር ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1986ና በ1987 ዓ.ም. ሳሊ ግራንታም ማክግሪጎር የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በኪንግስተን ከተማ ድኻ ሰፈሮች በምግብ ጕድለት ምክንያት የቀነጨሩ፥ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 ሕፃናትን መርጠው በአራት ክፍል አደረጓቸው። ለአንዱ ክፍል የወተት ምግብ ተሰጠው፤ ለሁለተኛው ክፍል የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ እየመጣች አንድ ሰዓት ያህል ከእናቱ ጋራ ተቀምጣ ከልጁ ጋራ እንዴት መጫወትና መነጋገር እንደሚገባ ታሳያት ነበር፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ከሁለቱም አላገኘም። መጫወቻውም ከገበያ የተገዛ ሳይሆን ከተጣለ ዕቃ በእጅ የተሠራ ነበር። ይህ ለሁለት ዓመት ብቻ ተደረገና ቆመ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያን ልጆች ፈልገው ባገኟቸው ጊዜ፥ በጨዋታው የተረዱት ካልተረዱት ይልቅ ከመቶ 25 የሚበልጥ ገቢ የሚያገኙ ሠራተኞች ሆነው ተገኙ፤ በሕፃንነታቸው ካልቀነጨሩት የሰፈራቸው ልጆች ጋራም ተካክለው ነበር። ወተቱ ብቻውን ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ፍሬ አላሳየም። (ይህን ሰምቶ ምግብ አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አላስተዋለውም፤ የተራበ ልጅ አይጫወትም።)

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው አንድ ቍጥር አለ። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶ 37 የሚሆኑት ቀንጭረው ተገኝተዋል። ይህን የሚያህል ሕፃን በቤቱ ምግቡም ጨዋታውም ንግግሩም አብረው ከጐደሉበት፥ በኋላ የሚሠራለት ትምህርት ቤት ምንም ያማረ ቢሆን በግማሽ የጐደለ ማድጋ ላይ ክዳን እንደ ማስተካከል ይሆናል።

ሕፃንን በቤት ማስተማር የዘመናችን ሊቃውንት ያገኙት አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰውም ታሪኩን ቢመረምር ሌላ ያገኛል። በመጻሕፍት ቤት ስሙ የታወቀው ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሰት፥ አባት ማታ በማዕድ ጊዜ ለልጁ የቃየንንና የአቤልን ታሪክ በሚጥም ቃል እንዲነግረው፥ እናቲቱም በአጠገቡ ተቀምጣ እንድትረዳው ይመክራል። ታሪኩ ከተደጋገመ በኋላ አባትየው ተናጋሪነቱን ትቶ አድማጭ እንዲሆን፥ በአንድ ሌላ ማታ ልጁ ራሱ መልሶ እንዲያወራው እንዲጠየቅ ያዝዛል። ያም ታሪክ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ቀን ልጁን ይዞት ቢሄድ፥ ሌሎች የማያውቁትን እርሱ አስቀድሞ በማወቁ ሕፃኑ በደስታ እንደሚዘል ይናገራል። የሚያስፈራውን ታሪክ ግን ለጨቅላ ልጅ መንገር አይገባም ብሎ ለኋላ ዕድሜ ያቈየዋል፤ የገሃነምን ነገር እስከ 15 ዓመት ያሳድረዋል። በየቤቱ «ዝም ካላልህ ጅብ ይበላሃል»፥ «ፖሊስ ይወስድሃል» እያሉ ልጅ የሚያስተኙ ሰዎች፥ ይህን የመሰለ ሊቅ ለሕፃን ልብ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቀለት ቢያውቁ መልካም ነበር።

ከእርሱ ጋራ በአንድ ዘመን የነበረው ሄሮኒሞስም ሌታ ለተባለች የሮማ ሴት ስለ ልጇ ስለ ጳውላ በጻፈው ደብዳቤ፥ ፊደላቱ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ተቀርጸው ለሕፃኒቱ መጫወቻ እንዲሆኑ፥ ስትጫወትም እንድትማር፥ ስማቸውን ባወቀች ጊዜ ትንሽ ስጦታ እንዲሰጣት፥ ከሁሉ በላይ ትምህርትን በልጅነቷ እንዳትጠላው እንዲጠነቀቁላት ጽፎአል። ይህንንም አሳብ ያገኘው ከእርሱ በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከሮማው የንግግር መምህር ከክዊንቲሊያን ነው። ክዊንቲሊያን ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም ብሎ የተከራከረ፥ መምህር በበትር ማስተማሩን የነቀፈ፥ ለሕፃን የምትመረጠው ሞግዚት ንግግሯ የተስተካከለ እንድትሆን ያስጠነቀቀ ሰው ነበር። ደግሞም በጊዜው የነበሩት መምህራን ሕፃናትን የፊደሉን መልክ ሳያሳዩ ስሙንና ተራውን አስቀድመው ማስጠናታቸውን ተቃወመ፤ ልጁ ተራውን በቃሉ ስለሚያውቀው ዐይኑን ከፊደሉ ላይ አያሳርፍምና።

ይህ ነቀፋ በየደብሩ ዛፍ ሥር ሰንደዶ ይዞ «ሀ ሁ ሂ» ላለ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው። ሕፃኑ በዜማው ተስቦ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ይወርዳል፤ ከመካከል አንዱን ነጥለው ቢጠይቁት ግን ዝም ይላል። የጥንት የኢትዮጵያ መምህራን ይህን ችግር አውቀው መድኃኒቱን ማዘጋጀታቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው። «አ ቡ ጊ ዳ» ተብሎ የሚጀምረው ገበታ ተራውን ለውጦ፥ ቅጥያውንም እያዘዋወረ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ልጁ በዜማ ልማድ እንዳያመልጥና እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲያውቀው ያስገድደዋል።

ነገር ግን ልጅ ወደ የኔታ ሳይሄድ በፊት በቤት ሊደረግ የሚችል ከዚህ የሚቀድም ሥራ አለ። ከካርቶን ተቈርጠው የተሠሩ ጥቂት ፊደላት ለሕፃኑ መጫወቻ ቢሰጡት፥ መጀመሪያ በስሙ ያለውን ፊደል ያውቃል፤ ከዚያም የእናቱን፥ ቀጥሎም የእኅቱን ስም ይጠይቃል። ፊደሉ በሰባት መልክ የሚለወጥበት ሥርዓት ደግሞ ለልጅ ከባድ የሚመስለው ተራውን ብቻ ሲያስጠኑት ነው። «ለ»ን፥ «በ»ን፥ «ሰ»ን፤ ከበታቻቸውም «ሉ»ን፥ «ቡ»ን፥ «ሱ»ን ደርድረው «ምን ተለወጠ?» ብለው ቢጠይቁት፥ የአምስት ዓመት ልጅ በቀኝ በኩል በወገባቸው ላይ ትንሽ ክንድ መውጣቷን ራሱ አይቶ ያመለክታል። «ሌ»ን፥ «ቤ»ን፥ «ሴ»ን ሲያይ በእግራቸው ያለውን ቀለበት ያገኛል። ከዚያ ወዲያ «ተ»ን ሰጥተው ካዕቡን እንዲሥል ቢያዙት፥ ያልተማረውን ፊደል ይጽፋል። ይህ ልጅ ፊደል ተማረ ብቻ አይባልም፤ ሕጉን አገኘ። «ሩ»ና «ፉ» ከዚህ ሕግ ወጥተው ባገኛቸው ጊዜም ይናደዳል፥ ይከራከራል፤ ይህ ክርክር መልካም ምልክት ስለ ሆነ ሊቈጡት አይገባም።

እዚህ ላይ የፈጠራ ብልሃት ከአገሩ ትምህርት ጋራ አይስማማም፥ የአገሩ ትምህርት ማጥናትና መድገም ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳዊት መድገም በእውነት መድገም ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ቢያመጣ ይነወርበታል፤ በየቀኑ አዲስ መቍጠር ግዴታው ነው። በዓለም ላይ ካሉት የትምህርት ሥርዓቶች ተማሪውን በየማታው አዲስ ነገር ይዞ እንዲመጣ የሚያዝዙ ብዙ አይደሉም። የዚህም ትምህርት አካሄዱ የሚያስተውሉት ነው። መምህሩ ጀማሪውን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አምጣ አይሉትም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና አስጀምረው ደረጃ በደረጃ ያወጡታል እንጂ። የጐደለው ነገር ቢኖር፥ ይህ ጥበብ ለወጣትነት ዘመን ብቻ ተወስኖ፥ ሕፃኑ እስከዚያ ድረስ ሰሚ ብቻ ሆኖ እንዲቈይ መደረጉ ነው።

ለሕፃን የሚሆን ጉባኤ ቃና በየቤቱ አለ፤ ይኸውም እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚለው ልጅ፥ አንድን ዕቃ ስሙን ሳይጠራ በጠባዩ ብቻ ማወቅን ይለማመዳል፤ ባያውቅ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ሰምና ወርቅ የሚለይ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከዚህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሆኖም በብዙ ቤት ልጁ የሚጠየቀው የታወቀውን እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱንም ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቶ በቃሉ ስለያዘው ማሰቡ ይቀራል። ስለዚህ ከታወቁት ጥቂት ከተባለ በኋላ «አሁን ደግሞ አንተ ፍጠርና ጠይቀን» ማለት ያስፈልጋል። የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ምድጃው አይቶ «እሳት ላይ ተቀምጣ የማትነድ» ብሎ ምጣድን ቢያመጣ፥ ትልልቆቹም ለማወቅ የተቸገሩ መስለው አገር ቢሰጡት፥ በዚያች ማታ የተደረገለት ነገር ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የሚያመጣው እንቆቅልሽ መልሱ ወዲያው የሚታወቅ ወይም ከቶ የማይገናኝ ይሆናል፤ ይህም ነውር የለበትም፤ ጀማሪ ባለ ቅኔም ቤት ያፈርሳል።

ተረትም እንደዚሁ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የተቀበለ ልጅ የሚጠብቀው መጨረሻውን ብቻ አይደለም። ቀበሮዋ ከገደሉ ጫፍ በደረሰች ጊዜ ተራኪው ቆም ብሎ «አሁን ምን ታደርግ ይመስልሃል?» ቢለው፥ ልጁ ሦስት ዐይነት መንገድ ያመጣል፤ ምናልባትም ከተረቱ የሚሻል ይሆናል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ ድምፃቸውን የሰሙት ልጆች አባትና እናት፥ አያትም ሆነው ነበር። ይሁን እንጂ በመስኮት የሚታይ ተራኪ ምንም የተወደደ ቢሆን የልጁን መልስ መስማት አይችልም፤ ይህን የሚችለው በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

በዚሁ ምክንያት ዛሬ በየቤቱ የገባው ስልክ ሊታሰብበት ይገባል። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ ማስያዝ በከተማ ልማድ ሆኗል፤ ልጁም በርግጥ ዝም ይላል፤ የሚያሳዝነውም ዝም ማለቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የቴሌቪዥንና የስልክ ምስል ማሳየት እንደማይገባ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል።

ስለ ጨዋታ ፍሪድሪክ ፍሮቤል የተባለውን ጀርመናዊ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ይህ ሰው አንድ ዓመት ሳይሞላው እናቱ የሞተችበት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ስለ እናትና ስለ ሕፃን ማሰቡ ከዚህ የተነሣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1837 ዓ.ም. በባድ ብላንክንቡርግ ከተማ ለሕፃናት ቤት ከፈተና፥ በ1840 ዓ.ም. «የሕፃናት አትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው፤ ሕፃን እንደ ተክል ውሃና ብርሃን ሲያገኝ ከውስጡ የሚያድግ ነው ማለቱ ነበር። ለልጆቹ የሚሰጣቸውም ከሱፍ የተሠራ ኳስ፥ ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡልና ባለ ስድስት ገጽ እንጨት ነበር። በ1844 ዓ.ም. ያሳተመው የእናቶች የዝማሬና የጨዋታ መጽሐፍ ግን ለትምህርት ቤት ሳይሆን በቤት ልጅ ታቅፋ ለምትጫወት እናት የተዘጋጀ ነው። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ዓ.ም. እነዚህን ቤቶች እንደ አደገኛ ነገር ቈጥሮ ዘጋቸው፤ ፍሮቤልም በዓመቱ ሞተ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ዓ.ም. ነው። የሕፃናት ጨዋታ አንድን ትልቅ መንግሥት ማስፈራቱ ሊያሥቅ ይችላል፤ ነገር ግን መንግሥቱ አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ራሱ የሚያስብ ሰው ሲያድግም ማሰቡን አይተውምና።

ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉት ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በሳን ሎሬንሶ ሰፈር ለድኾች ልጆች በከፈቱት ቤት፥ ሕፃናቱ ከሻካራ ወረቀት የተቈረጠ ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያውቁት አድርገዋል። ሊቃውንቱ በየአገራቸው ይህን ያህል ደክመው ያገኙት የኳስና የእንጨት መጫወቻ በኢትዮጵያ ገጠር ጭቃና ጠጠር፥ አገዳና ጨርቅ ሆኖ ሲኖር የኖረ ነው። እረኛው ልጅ ከጭቃ በሬ ይሠራል፥ ቀንበር ያስረዋል፥ ሞፈርም ይቀጥልለታል፤ ሞፈሩ አልገጥም ያለው እንደ ሆነ አፍርሶ እንደ ገና ይሠራዋል። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ሕፃናት እናትና አባት፥ እንግዳና ጐረቤት ሆነው አንድ ሙሉ ቤት ያቆማሉ፤ ማን ምን እንዲል ይወስናሉ፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከማደሉ በፊት የመጨረሻው ጠጠር በየትኛው ጕድጓድ እንደሚወድቅ ያሰላል፤ ይህ ሒሳብ ካልተባለ ሒሳብ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ቡና በሚፈላበት ቤትም ሲኒ እንዲቈጥር፥ ለስንት ሰው እንደሚበቃና ስንት እንደሚጐድል እንዲናገር፥ ከአቦል ቀጥሎ ቶና፥ ከቶና ቀጥሎ በረካ መሆኑን እንዲጠብቅ የተደረገ ልጅ፥ ቍጥርንና ተራን ከማንኛውም የተገዛ መጽሐፍ በተሻለ ይማራል።

በከተማ ያለው ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ተለይቷል። ልብሱ እንዳይቈሽሽ ጭቃ ይከለከላል፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ተረት የምታወራለት አያት በሩቅ አገር ናት። ወላጆቹም ለልጃቸው ካላቸው ፍቅር የተነሣ በብዙ ገንዘብ መዋዕለ ሕፃናት ያስገቡታል፤ ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው ግን ብዙ ጊዜ «እንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ ወይ?» የሚለው ነው። እንግሊዝኛ መማር ጥቅሙ የታወቀ ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የአራት ዓመት ሕፃን ጣቱ ገና ሳይጠና ገጽ ሙሉ እንዲጽፍ፥ ማታም ያንኑ በቤት እንዲደግም ሲደረግ፥ አፉን በፈታበት ቋንቋ ሊጠይቅ የነበረውን መቶ ጥያቄ ትቶ በማያውቀው ቋንቋ ሦስት መልስ ያጠናል። ሄሮኒሞስ የፈራው የትምህርት ጥላቻ የሚዘራው በዚህ ነው። ወላጅ መዋዕለ ሕፃናት ሲመርጥ ደብተሩን ከማየት ይልቅ ልጆቹ ሲናገሩ ቢሰማ፥ አሸዋና ውሃ፥ እንጨትና ቀለም በእጃቸው መኖሩን ቢመለከት ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቤት ውስጥ ለልጅ የሚሰጠው መልስ ነው። ልጅ በታላላቆች ፊት አይናገርም የሚለው ልማድ ክብርንና ጨዋነትን ለማስተማር የተደረገ ስለ ሆነ እንዲፈርስ የሚመክር ማንም የለም። ነገር ግን እንግዳ ባለበት ሰዓት ዝም ማለት ሌላ ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ እንደ እንግዳ ሰዓት ሆኖ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዝም ማለቱ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ የሰው አቤቱታ ሲሰማ የዋለ ሹም፥ ማታ ሲገባ የራሱ ልጅ አቤቱታ ያደክመዋል። ልጁ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ሲለው «እንጃ፥ ተወኝ» ይላል። መልሱን አለማወቁ ነውር አልነበረም፤ «አንተስ ለምን ይመስልሃል?» ቢለው የበለጠ ይጠቅም ነበር፤ ይህንም ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ የሚያመጣው ምክንያት የተሳሳተ ቢሆንም ምክንያት ነው። ባለሥልጣን ልጁን ለሞግዚት ትቶ በሚውልበት ቤት ደግሞ ክዊንቲሊያን እንዳለው የሞግዚቲቱ ንግግር የልጁ ትምህርት ነው። ይህች ሴት ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፥ ተረትና እንቆቅልሽ የምታውቅ ናት፤ በጌቶቿ ፊት ግን ይህ ዕውቀቷ እንደ ዕውቀት ስለማይቈጠር ታፍረዋለች። ሥራዋ ልጁን ማጠብና ማብላት ብቻ እንዳይደለ፥ ማውራትም ሥራዋ መሆኑን እመቤቲቱ ብትነግራት በቤቱ ያለ ወጪ መምህር ተገኘ ማለት ነው።

መንግሥትም ይህን ነገር ጨርሶ አልዘነጋውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት የሚረዳ አድርጎ አስቀምጦታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርት፥ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ባወጡት የቅድመ ልጅነት መመሪያ ውስጥ ከተቀመጡት አራት ዐምዶች አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ዐይን የሚሞላው ሥራ የተሠራው «ኦ» ክፍል በሚባለው ላይ ነው፤ ክፍል ይቈጠራል፥ ተማሪም ይመዘገባልና። እናትና አባት በምድጃ ዳር ለልጃቸው ያወሩት ነገር በሪፖርት አይገባም፤ ስለዚህም በየዕቅዱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ሆኖም ወደ ቤት የሚገባ ሰው ማግኘት በኢትዮጵያ አስቸጋሪ አይደለም። በጃማይካ ለዚህ ሥራ የተላኩት ሴቶች የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ በኢትዮጵያም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና በሚናገሩበት ሰዓት ስለ ጨዋታና ስለ ንግግር እንዲናገሩ፥ ከጨርቅና ከቆርቆሮ መጫወቻ ሠርተው ለእናቲቱ እንዲያሳዩ ቢሠለጥኑ፥ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቆም አያስፈልግም። የሥራቸው ብዛት የታወቀ ስለ ሆነ ግን ከላዩ ሌላ ሳይነሣላቸው ይህ ብቻ ቢጨመርባቸው አይሳካም፤ ይህን የሚወስኑት አለቆች ናቸው።

ከእነርሱም በፊት ወደ እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤት የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የነፍስ አባት ነው። ካህኑ ለጠበልና ለጸሎት፥ በሽተኛ ለመጠየቅና የተጣላ ለማስታረቅ ሲመጣ፥ ባልና ሚስቱ ጐንበስ ብለው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ሕፃኑ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ይደበቃል። ካህኑ ስለ ጾምና ስለ ሥጋ ወደሙ ከጠየቁ በኋላ ወደዚህ ልጅ ዘወር ብለው «ባለፈው ስመጣ የነገሩህን ታሪክ እስቲ ንገረኝ» ቢሉ፥ አባትየው የሚነግረው ታሪክ ያልነበረው እንደ ሆነ በዚያው ማታ ይጀምራል፤ በሚቀጥለው ወር ካህኑ ተመልሰው እንደሚጠይቁ ያውቃልና።